ሞፈራችን ሙዚየም የገባ ሰሞን

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ሰው ሲናደድ እጁ ይንቀጠቀጣል ይላሉ፤ የእኔ ግን ስናደድ ጽሕፈቴ ያምራል። ይህን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ካወቅሁ ወዲህ እስክሪብቶ ስይዝ ፊቴ ይፈካል መሰለኝ፣ እናቴ «ደግሞ ምን አገኘሽ?» ትለኛለች። ያገኘሁትማ ይኸውላችሁ፦ በአፌ ስናገረው እንባ እንባ የሚለኝ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር እንባው ይቀርና ቁጣው ብቻ ይወጣል። ቁጣ ደግሞ እንዲህ ተሰልፎ ሲቆም ደስ ይላል። ስለዚህ አትቸኩሉብኝ፤ እኔም ሳልቸኩል ነው የማወራችሁ።

ያኔ ንፋስ መውጫ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። ቀያችን ከከተማው ጀርባ፣ ከጋራው ማዶ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከወጣሁ ደወል ሳይደወል እደርሳለሁ፤ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ደወሉን መንገድ ላይ እሰማዋለሁ። ጓደኞቼ እንግሊዝኛ ይፈሩ ነበር። እኔ እንደ ቆሎ እቆረጥመው ነበር። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

በከተማችን ጓድ ታረቀኝ የሚባል ካድሬ ነበር። እንደ ዕድሜው አንቱ ልለው ይገባል፤ ፊት ለፊት ስንገናኝም ብዬዋለሁ። እዚህ ግን አልለውም፤ ወረቀቱ የእኔ ነው። ጓድ ታረቀኝ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ ጥቂት ወራት ተቀምጦ ተመልሷል። ከተመለሰ ወዲህ አንድም ንግግር «ጀርመን ሳለሁ» ሳይል ጀምሮ አያውቅም። ጉዳዩ የእርከን ሥራ ይሁን፣ የመሠረተ ትምህርት ይሁን፣ «ጓዶች፣ ጀርመን ሳለሁ...» ይላል። ሰዉ እሱ በሌለበት ስም አውጥቶለት ነበር፤ «ጓድ ሳለሁ» ነው የሚለው።

ጓድ ሳለሁ አንድ ቀን ክፍላችን ገባና፣

«እንግሊዝኛ የምትችል ማናት?» አለ።

አርባ ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ። ቀጭን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ።

«ይህን አጥኚ። የጀርመን እንግዶች ሊጎበኙን ነው። አስጎብኚዋ አንቺ ነሽ።»

«ምኑን ነው የማስጎበኛቸው ጓድ?»

«ሙዚየሙን።»

«ሙዚየም አለን እንዴ?»

«ይኖረናል» አለና ወጣ።

መጽሐፉ ኤርፈርት የምትባል የጀርመን ከተማ ለሚጎበኝ እንግዳ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መንገድ መምሪያ ነበር። ሽፋኑ ያብለጨልጫል፤ መሐሉ ላይ ተዘርግቶ የሚታጠፍ ካርታ አለው። በሳምንት ውስጥ ኤርፈርትን ከንፋስ መውጫ ይልቅ አወቅኋት። ከፈለጋችሁ አሁንም እመራችኋለሁ። ወደ መሐል ከተማው ስትገቡ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ቤት ተሠርቶበታል። ሰው ይኖርበታል። ቤቶቹ ስለሚጋርዱት፣ በድልድዩ የሚሄድ ሰው ወንዝ መሻገሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ወንዙን ተሻግራችሁ ትንሽ ስትሄዱ ሰፊ አደባባይ ትደርሳላችሁ፤ ጉብታው ላይ ሁለት ቤተ ክርስቲያን እንደ እኅትማማቾች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ የሚያወጣችሁ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነው። በአንደኛው ማማ ላይ ለትልልቅ በዓል ብቻ የሚደወል ግዙፍ ደወል ተሰቅሏል። ከተማዋ ጥንት የከበረችው ደግሞ ከቅጠል ሰማያዊ ቀለም እያወጣች ስትሸጥ ነው። ከቅጠል! እኛ ዘንድ ጌሾ ሸጦ የድንጋይ ቤት የሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከሁሉ የወደድሁት አነጋገሩን ነው። «በስተግራዎ ይታያል» ይላል፤ «ጎብኚው እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ቢል አይቆጨውም» ይላል። አንድ ማታ አባዬ መጽሐፉን በእጁ እያገላበጠ፣

«የሻ፣ እስቲ የእኛን ቤት አስጎብኚኝ» አለኝ።

ተነሣሁና በሩ ላይ ቆምሁ። «በስተግራዎ የሚታየው የጥጆች በረት ነው። የሠሩት አቶ ስማቸው የተባሉ ገበሬ ሲሆኑ፣ ጣሪያው ያፈሳል።»

«አይ ይህች ልጅ! ማፍሰሱንም ለፈረንጅ ልትነግሪ ነው?»

«መጽሐፉ የፈረሰውን ፈረሰ ነው የሚለው አባዬ። አይደብቅም።»

«በስተቀኝስ?»

«በስተቀኝዎ እናቴ ትታያለች። ጎብኚው እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ቢል አይቆጨውም።»

እናቴ ከጓዳ፣ «የቆመ ሁሉ እንጨት ይፍለጥ!» አለች። አባዬ ሳቁን መግታት አቅቶት ደረቱን ያዘ። እንግዲህ ያን ሰሞን እንዲህ ደስተኛ ነበርን።

ዓመቱ ግን ክፉ ነበር። መኸሩን ውርጭ መትቶት፣ ጎተራችን በጥር ተጠርጓል። የቀረችን በልግ ናት። በእኛ ደጋ በልግ ማለት እንደ መንገደኛ ዘመድ ናት፤ በመጋቢት ብቅ ትላለች፣ ከተቀበላችኋት ገብስ ትሰጣለች፣ በሩን ካልከፈታችሁላት ታልፋለች። ያን ዓመት መጋቢት ገብቶም ሰማዩ ጠብ አላለም ነበር።

በዚያ ደረቅ ሰሞን፣ በጾሙ መካከል አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ጓድ ታረቀኝ ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ዋርካው ሥር ቆሞ ጠበቀን።

«ጓዶች፣ ጀርመን ሳለሁ ኤርፈርት ከተማ ውስጥ የገበሬ ዕቃ የተቀመጠበት ሙዚየም አይቻለሁ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ሁሉም በመስተዋት ውስጥ! እኛስ ከማን እናንሳለን? በሚመጣው ሳምንት ከዚያው አገር እንግዶች ይመጡብናል። ሞፈር ቀንበር እፈልጋለሁ፤ ሙሉውን፣ አሮጌውን፣ እጅ ያሸው።»

ጎረቤታችን አያ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለስንት ቀን ነው ጓድ? በልግ ድንገት ብትመጣስ?»

ጓድ ታረቀኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞር አለና ትንሽ አሰበ። ያሰበውን ምንጊዜም አልረሳለትም።

«ለታቦት ስለት ስታስገቡ ለስንት ቀን ነው ትላላችሁ? ይህንም እንደ ስለት ቁጠሩት። ለልጅ ልጅ የሚቀር ነው።»

ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው በየስብሰባው እግዜር የለም እያለ የሚምል ሰው ነው፤ በማን ስም እንደሚምል ባላውቅም። ገበሬው እግዜርን እንደሚፈራ ያውቃል፤ ስለዚህ ራሱ የለም ያለውን አምላክ ለሞፈር ማሰባሰቢያ ተዋሰው። በእኛ አገር ስለት ከገባ ገባ ነው። ጥላ ይሁን፣ መጋረጃ ይሁን፣ ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ «መልሱልኝ» የሚል ሰው የለም፤ ቢኖር ጎረቤቶቹ በረዶ ያመጣብናል ብለው ይሸሹታል።

አባዬ ብድግ አለ። አስጎብኚዋ ልጁ ናት፤ ሰዉም ወደ እሱ እያየ ነበር።

«የእኔ አለ። የአባቴ ነው።»

የነበረን ያው አንዱ ነው። አባዬ ከመስጠቱ በፊት ቀንበሩን ተሳለመው፤ እንደ ስለት።

ሙዚየሙ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ዓይጡን አባረው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡና ሞፈሩን ከነቀንበሩ፣ ከነእርፉ፣ ከነማረሻው በወፍራም ምስማር ሰቀሉት። ከፊቱ ማንም እንዳይነካው ገመድ ተወጠረ። ከጎኑ ጓድ ታረቀኝ በገዛ እጁ ካርቶን ላይ ጽፎ ለጠፈ፤ «የጥንት ሰዎች የእርሻ መሣሪያ»።

«ጓድ፣ ይህ እኮ የአባቴ ነው» አልሁት።

«ሙዚየም ውስጥ ያለ ሁሉ የጥንት ነው።»

«ባለፈው ክረምት ነው ያረሰበት።»

«ባለፈው ክረምትስ አላለፈም?»



ረቡዕ ሌሊት ዘነበ። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ እንደ ጣት ኳ ኳ አለ፤ ቀጥሎ እየዘረገፈ ወረደ። እናቴ በጨለማ እልል አለች። ሐሙስ ጠዋት ስንወጣ አገሩ ሁሉ በሬ ጠምዷል። «ና!» «ተመለስ!» «ሃ!» የሚለው የአራሽ ድምፅ ከጋራ እስከ ጋራ ተያይዟል። ከእርጥቡ አፈር የሚነሣው ሽታ ብቻውን ያጠግባል። አባዬም ሁለቱን በሬዎች አውጥቶ እርሻው መሐል አቁሟቸው ነበር። በሬዎቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቀንበሩን ይጠብቃሉ። አንገታቸው ላይ የሚያርፍ ነገር ሲጠፋ ዞረው አዩት።

«ጎረቤት አይውስህም?» አልሁት።

«ማን ያውሰኛል? ዝናቡ ለሁሉም ነው የዘነበው። ነይ፣ ከተማ እንሂድ።»

ጓድ ታረቀኝን መጋዘኑ በር ላይ አገኘነው። አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጓድ፣ ጤና ይስጥልኝ። በልግ መጣች። ሞፈሩን ለዛሬና ለነገ ብትሰጠኝ፣ መልሼ አመጣዋለሁ።»

«እንግዶቹ ነገ ናቸው።»

«በማለዳ አርሼ...»

«ሰውየ፣ ጀርመን ሳለሁ ሙዚየም የገባ ዕቃ ሲወጣ አላየሁም።»

«እንግዲያው በውሰት። አውሰኝ።»

ጓድ ታረቀኝ ፈገግ አለ። «ስለት ይዋሳል እንዴ? ይህንማ እናንተ ታውቁታላችሁ።»

ከተናገረው ሁሉ ያቃጠለኝ ፈገግታው ነው። የአባዬን እጅም ሆነ አፍ በገመድ ማሰር አላስፈለገውም፤ በአባዬ በራሱ ሃይማኖት አስሮታል። አባዬም ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ሮጬ ደረስሁበት።

«አባዬ! ዝም ብለህ ትሄዳለህ? ይህ ሰውየ እግዜር የለም የሚል እኮ ነው!»

«እሱ ባይኖረው እኔ አለኝ።»

«ታዲያ ገብሱ?»

«ነገ ዓርብ ነው። ከነገ ወዲያ ሰንበት፣ ከዚያም ሰንበት። እስከ ሰኞ እርጥበቱን ፀሐይ ትልሰዋለች።» ይህን ያለው እንደ ሌላ ሰው ነገር ነው። «ሂጂ፣ ትምህርትሽ እንዳያመልጥሽ።»

ትምህርት ቤት አልሄድሁም። ያን ቀን ስለ ምን ነገር ብማር በአንዱም ጆሮዬ አይገባም ነበር። እዚሁ አገራችን ካለው ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ተምረው የመጡ አንድ የኔታ የከተማው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያስተምራሉ። አባዬ ለክርክር የሚሸነፈው ለእሳቸው ብቻ ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጉልበት ስሜ ነገሩን ሁሉ አወረድሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣

«ታቦቱ ማን ይባላል?» አሉኝ።

«የቱ ታቦት የኔታ?»

«የመጋዘኑ።»

«መጋዘን ታቦት የለውም።»

«ቄሱስ ማን ነው?»

«ቄስም የለው። ጓድ ታረቀኝ ነው ያለው።»

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋ።

«ስለት ለታቦት ነው እንጂ ለመጋዘን አይደለም። ታቦት የሌለበት ስለት የለም። ይልቅ በእግዜር ስም ሰው አታልሎ ዕቃ የወሰደ ሌባ ነው፤ ለአባትሽ እንዲህ በይው።»

«በእኔ ቃል አያምንም የኔታ። ለእኔ ብላ ፈጥራ ነው ይላል።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ሰጡኝ። «ይህን ሲያይ ያምናል። ሰንበት ሳይገባ መልሺልኝ፤ ያለሱ እግሬ አይታዘዘኝም።»

ጋራውን በሩጫ ወጣሁት፤ መቋሚያው ከእኔ ይረዝም ነበር። አባዬ እርሻው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የገብስ ዘሩ ያለበት ስልቻ እግሩ ሥር ነው። መቋሚያውን ሲያይ ብድግ አለ።

«የኔታ ምን ሆኑ?»

«ደኅና ናቸው። ‹ታቦት የሌለበት ስለት የለም› አሉህ።»

«ራሳቸው?»

«ራሳቸው። እየሳቁ።»

«እየሳቁ?»

«መጀመሪያ እየሳቁ፣ ኋላ ተቆጥተው።»

መቋሚያውን ተቀብሎ ተሳለመው። ወደ ፀሐይ ቀና አለ፤ ወደ ጋራው ተጠግታለች፤ መጋዘኑ ተቆልፏል። ሐሙሳችን እንዲህ አለቀ። ዓርብ ጠዋት ስወጣ «ደኅና ዋይ» ብቻ ነው ያለኝ። ይምጣ አይምጣ አላውቅም ነበር።

እንግዶቹ ረፋዱ ላይ በሁለት ላንድሮቨር መጡ። አንድ ጠጉረ ሽበት ሰውየ፣ ካሜራ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት፣ ሌሎችም። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ መንገዱ አንገላቶት መኪና ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ጓድ ታረቀኝ «ጉተን ታግ! ጉተን ታግ!» እያለ የሁሉንም እጅ ጨበጠ። እኔ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ጀመርሁ፤ ከመጽሐፉ የለቀምሁትን እንግሊዝኛ ሁሉ እያፈሰስሁ።

«በስተግራዎ የሚታየው የማር ገንቦ ነው። ጎብኚው እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ቢል አይቆጨውም።»

እንግዶቹ ተያዩና ደስ ብሏቸው ሳቁ። አውቀውት ይሆን የአገራቸውን አነጋገር? አስጎብኚነቱስ ያምርብኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ! ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነው። ገመዱ ጋ ደረስን፤ ሞፈሩ ጋ። «ይህ ደግሞ...» ብዬ አፌን ስከፍት በሩ ጨለመ።

አባዬ ነው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ጎንበስ ብሎ፣

«እንዴት አደራችሁ» አለ ለሁሉም።

ጀርመኖቹ ቋንቋው ባይገባቸውም አንገታቸውን ዝቅ አደረጉለት። አባዬ ገመዱን ረግጦ ተሻገረ። ካርቶኑ ላይ ዓይኑ ዐረፈና እንደ ዳዊት ደጋሚ ፊደሉን እየቆጠረ አነበበ።

«የጥንት... ሰዎች።» ዞረ። «የሻ፣ የጥንት ሰው ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ጓድ ታረቀኝ በጥርሱ እየሳቀ በጉሮሮው ተቆጣ።

«ሰውየ፣ ምን ትሠራለህ?»

«ሞፈሬን ልወስድ ነው።»

«ስለት ነው አላልሁህም?»

«ለየትኛው ታቦት ጓድ? ስሙን ንገረኝና ተሳልሜ ልውጣ።»

ጓድ ታረቀኝ ግራ ቀኙን አየ። ለካ ለእሱም ታቦት የሚያስፈልግበት ቀን አለ! አባዬ ሞፈሩን ከምስማሩ አላቀቀ፤ ቀንበሩን አነገተ፤ ሞፈሩን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ማረሻውን በእጁ ያዘ። በአንድ ትንፋሽ፣ በየማለዳው እንደሚያደርገው። ሴትየዋ ካሜራዋን አንሥታ ቀጭ አደረገች። ጠጉረ ሽበቱ ሰውየ አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጓድ ታረቀኝ ፊቱ በራና እሱም ማጨብጨብ ጀመረ፤ እያጨበጨበም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ትርኢት ነው በያቸው። ገበሬው አሸካከሙን እያሳየ ነው በይ። ቶሎ!»

ሴትየዋም በእንግሊዝኛ፣ «ምን እያሳየን ነው?» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እዚህ ቦታ ቁሙልኝ። አባታችሁ ርቦት፣ ጾሙን ሳይፈታ፣ የገዛ ዕቃውን እንደ ሌባ ሊወስድ መጥቷል፤ ሰዉ ያጨበጭብለታል። አባዬ ጭብጨባው ለምን እንደሆነ ስላልገባው አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ትናንት ስለት ያሉት ዛሬ ትርኢት ነው ይሉታል። ንዴቱ ከእግሬ ተነሥቶ ጠጉሬ ድረስ ሲወጣ ተሰማኝ። ያጠናሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋ፤ የቀረው የራሴ ብቻ ነበር።

«ትርኢት አይደለም» አልሁ። ጮኼ ኖሯል። «ይህ ሰው አባቴ ነው። ይህ የጥንት አይደለም፣ የዛሬ ነው። ዝናብ ዘንቧል። ዛሬ ካላረሰ አንበላም።»

ጭብጨባው በየተራ ሞተ። ሴትየዋ ካሜራዋን ወደ ታች አወረደች። ከሁሉ መጨረሻ የቀረው የጓድ ታረቀኝ እጅ ነው፤ ያልሁት ስላልገባው ብቻውን ሲያጨበጭብ ቆየ።

ጠጉረ ሽበቱ ሰውየ ከበሩ ገለል አለ፤ ሌሎቹንም በእጁ ወደ ዳር አደረጋቸው። ረጅሙ ሞፈር ግድግዳ ሳይነካ እንዲያልፍ ነው። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መሐል ሥራ የሠራ እሱ ነው። አባዬ ወጣ። ስንተያይ አልሳቀም፤ አልተቆጣም፤ «መቋሚያውን መልሺ» ብቻ አለኝ።

ጉብኝቱ ግን አላለቀም ነበር። ጓድ ታረቀኝ «ቀጥይ!» አለኝ። ቀጠልሁ።

«በስተቀኝዎ ገመድ ይታያል» አልሁ። «ከገመዱ በስተጀርባ ምንም የለም።»

እንግዶቹ ሲሄዱ መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀኝ። «ጀርመን ሳለሁ እንዳንቺ ያለች ባለጌ አላየሁም!» አለ። እኔም በሆዴ፣ «መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ እንደ አንተ ያለ ሰው በየትኛውም ገጽ የለም» አልሁት። ዛሬ በወረቀት እነሆ፣ ጓድ፣ አልሁህ!

አባዬ በሬዎቹን የጠመደው እኩለ ቀን ላይ ነው። እናቴ ዘሩን እየበተነች፣ እሱ እየሸፈነ፣ ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ አረሱ። ከእርሻችን ግማሹ ብቻ ገባ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ ፀሐዩም አላዘነልንም። ሰኞ ጠዋት የቀረውን ለማረስ ሲነሣ ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱት፤ «የሕዝብ ንብረት ላይ እጁን ዘርግቷል» ተባለ። ቀበሌ ታስሮ ሰነበተ። እናቴና እኔ ስንቅ እያመላለስን፣ ግማሹ መሬት ዓይናችን እያየ ደረቀ፤ ተሰነጠቀ። አንድ ሐሙስ ነው የተወሰደብን። ለካድሬ አንድ ሐሙስ ምንድን ነው? ለገበሬ ግን የበልግ ሐሙስ የቤተሰብ ምግብ ነው።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ካላችሁኝ፣ ሁለት ነገር እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት የሰው ቃል እሸመድድ ነበር፤ ደስ የሚለኝም ሳልሳሳት መድገሜ ነበር። ያን ዓርብ ግን የራሴን አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገርሁ፤ በእነሱ የአርባ ሰው ጭብጨባ ቆመ እላችሁ ነበር፣ ሰዎቹ ግን አርባ አይሞሉም። ቢሆንም ቆመ። ከዚያ ወዲህ ነው መጻፍ የጀመርሁት። ሁለተኛው፣ ኤርፈርትን አልጠላኋትም። አንድ ቀን ያን ቤት የተሠራበትን ድልድይ እሻገር ይሆናል፤ የገበሬ ዕቃ የተቀመጠበትንም ቤት አያለሁ። ማረሻው ፊት ስቆም ግን ስንት ዘመኑ ነው ብዬ አልጠይቅም። ባለቤቱ ምን ሆነ? ወዶ ነው የተወው ወይስ ተነጥቆ? ይህን ነው የምጠይቀው። እናንተም ከእኔ ቀድማችሁ ከሄዳችሁ ይህንኑ ጠይቁልኝ።

አባዬ ተፈትቶ መጣ፤ ከስቶ ነበር። የገባችው ግማሽ በቅላ ደረሰች፤ ሰኔ ላይ ወቃናት። አውድማው ገና ሳይጠረግ የኮታ እህል ሰብሳቢ መጣ። ማን ይመስላችኋል? ራሱ ጓድ ታረቀኝ፣ ሁለት ሰው በኋላው፣ ባዶ ጆንያ በእጁ።

«ስፈሩ» አለ።

አባዬ ቁናውን ለእኔ ሰጠኝ። ሞላሁት፤ አፉን በእጄ ጠረግሁና ልክ አድርጌ አቀረብሁለት። ጓድ ታረቀኝ አየው።

«ይህ ምንድን ነው? ቁልል አድርጊው እንጂ!»

ቁናውን መሬት አስቀመጥሁ። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት፤ ከዚያም ከአውድማው በላይ፣ አረም እንኳ ያልበቀለበትን፣ ተሰነጣጥቆ የቀረውን ግማሽ መሬት በጣቴ አሳየሁት።

«ቁልሉ ሐሙስ ሳይታረስ ቀርቶ እዚያ ነው ያለው ጓድ። ይሂዱና ይስፈሩት።»